የአናሲሞስ ወንድምነት፦ በቤተ ክርስቲያንና በቤት

ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሩ ወደ ፊልሞና የተጻፈው ነው። ሃያ አምስት ቁጥር ብቻ በመሆኑ በቲቶና በዕብራውያን መካከል ገጹ ሳይታወቅ ይታለፋል። የሃይማኖትን ምሥጢር የሚያብራራ ትምህርት፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት የሚደነግግ ሕግ የለበትም። አንድ እስረኛ ሽማግሌ ለአንድ ባለጸጋ ወዳጁ ስለ አንድ ባሪያ ይጽፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሆኖም በአሶሳና በመተከል፣ በካማሺና በማኦ ኮሞ ምድር ለምንኖር ክርስቲያኖች ከዚህ ይልቅ ቀርቦ የሚናገረን ሌላ መልእክት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ፊልሞና የቈላስይስ ሰው ሲሆን ምእመናን በቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። አናሲሞስ የእርሱ ባሪያ ነው። ከጌታው ተለይቶ ሳለ ጳውሎስን በእስር ቤት አገኘው፤ በእርሱም እጅ ክርስቲያን ሆነ። ጳውሎስ እንደ ገዛ ልቡ እንደሚወደው እየገለጸ ወደ ጌታው መልሶ ይልከዋል፤ ከባሪያ በላይ የሆነ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለውም ይለምናል። ብዙዎቻችን አናሲሞስ ሰርቆ ኰበለለ ብለን እናስተምራለን። መልእክቱ ግን ለጊዜው ተለይቶ እንደ ነበረ ይናገራል እንጂ ሰረቀ አይልም፤ ስለ በደልና ስለ ዕዳ የሚያነሣውም «ምናልባት ኖሮበት እንደ ሆነ» በሚል አነጋገር ነው። ሌባ ያደረግነው እኛ ነን። ባሪያ ሲባል ጥፋተኛ ብሎ ማሰብ ስለሚቀልል ይሆናል።

አናሲሞስ የሚለው ስም በግሪክ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ባለቤቶች ለባሮቻቸው እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነበር፤ ለመጥረቢያ ወይም ለበሬ ሊወጣ የሚችል ስም ነው። ከዳርፉር በልጅነቷ ተነጥቃ የተሸጠችው ቅድስት ዮሴፊና ባኪታም ስሟን ያገኘችው ከነጣቂዎቿ ነው፤ «ዕድለኛ» ማለት ነው፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከድንጋጤ የተነሣ ረስታዋለች። በ1889 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፍርድ ቤት ነጻ መሆኗ ተፈረደላት፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከቅዱሳን ተቈጠረች። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክታቸው የእርሷንና የአናሲሞስን ነገር በአንድ ሥፍራ አንሥተዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጳውሎስ አናሲሞስ ወንድም መሆኑን ካወቀ፣ ስለ ምን «ነጻ አውጣው» ብሎ አላዘዘም? ማዘዝ እንደሚችል ራሱ ይናገራል፤ ነገር ግን ስለ ፍቅር መለመንን መረጠ፤ የፊልሞና በጎነት በግድ ሳይሆን በፈቃድ እንዲሆን ፈለገ። አንዳንድ መምህራን በሮማ ሕግ ሥር ያለች ትንሽ ጉባኤ ከዚህ በላይ ማድረግ አትችልም ነበር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሐዋርያው ስለ ነፍስ እንጂ ስለ ሥጋ ሥርዐት አልተገደደም ይላሉ። የመጀመሪያው መልስ በከፊል እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከቁጥር 16 ጋር አይስማማም። ጳውሎስ አናሲሞስ በጌታም በሥጋም ወንድም እንዲሆን ጠይቋልና። «በሥጋ» የተባለው ቃል ከባድ ነው። በመቅደስ ወንድሜ ብሎ በግቢ ማዘዝ አይቻልም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ መተው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ መሸሸግ አይገባንም። ይህ አካባቢ ባርነትን ከመጽሐፍ አልተማረም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ጦር ቤኒሻንጉልን ከያዘ በኋላ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት የሚያስገቡት ግብር ወርቅ ነበር፤ ከወርቁ ጋርም ሰው ይነዳ ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦውና ኮሞው ከሱዳን በኩል በሚመጡ ነጋዴዎችም፣ ከደጋ በሚወርዱ መኳንንትም ለብዙ ዘመን ታድኗል። የሚሸጠውም የሚገዛውም ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረ። ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነጻ ማውጣት በጎ ሥራ መሆኑን ቢያስተምርም ባርነትን ራሱን አልሻረም። በላቲኑ ዓለምም ታሪካችን አያኰራም፤ በ1452 እ.ኤ.አ. ር.ሊ.ጳ. ኒቆላዎስ 5ኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ የማያምኑትን ማርኮ ባሪያ እንዲያደርግ ፈቅደዋል፤ የባሪያ ንግድን ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ ያወገዙት በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1992 እ.ኤ.አ. በሴኔጋል በጎሬ ደሴት ቆመው ስለዚህ ኀጢአት የሰማይን ይቅርታ ለምነዋል። እነዚህ ሁሉ የፊልሞናን መልእክት ያነብቡ የነበሩ ሰዎች ዘመናት ናቸው። እርግጥ ነው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የኒሳው ቅዱስ ጎርጎርዮስ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው በምን ያህል ዋጋ ትገዛዋለህ የሚል ተግሣጽ ሰብኮ ነበር፤ የሰማው ጥቂት ነው።

አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ደንብ ታወጀ፤ ባርነት ከነሕጋዊነቱ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ከጳውሎስ ደብዳቤ እስከዚህ ዐዋጅ ከ1,800 ዓመት በላይ አለፈ። ስለዚህ «ልብ ሲለወጥ ሁሉ ይለወጣል፤ ሕግ አያስፈልግም» የሚለውን ስብከት እኔ አልቀበለውም። የጌታውን ልብ መለወጥ እየጠበቀ ስንት ሰው በሰንሰለት ሞቷል! የታሰረውን ሰው ሕግ ፈጥኖ ይፈታዋል። ነገር ግን ሕግ የማይገባበት ደጃፍም አለ፤ ጳውሎስ የቆመው በዚያ ደጃፍ ላይ ነው። የ1934ቱ ዐዋጅ ሰውን ከመሸጥ አዳነ፤ ከማዕድ ግን አላቀረበውም። ዛሬም ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ አጥንት የሚቈጥር፣ አያቱ የተሸጠችውን ሰው በሹክሹክታ የሚያመለክት ክርስቲያን አለ። የምዕራቡን ሕዝቦች በጅምላ ለመስደብ ይነገር የነበረው፣ እዚህ ላይ ልጽፈው የማልወደው ስም፣ ከአንዳንድ ቍርባን ከሚቀበል አፍ ገና አልጠፋም። ከገጠር መጥታ በከተማ ቤት የምታገለግለው ልጅ እሑድ ከእመቤቷ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስቀድሳለች፤ ወደ ቤት ሲገባ ግን ቤተ ሰቡ ከበላ በኋላ በማድ ቤት ጥግ ብቻዋን ትበላለች። ደመወዟ ለወራት የሚያዝባትም አለች። በሕግ ነጻ ናት፤ በጌታም እኅት ናት፤ በሥጋ ግን?

ካቴኪስቶቻችን ይህን መልእክት ሲያነቡ የሚገጥማቸው ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የቃል ችግር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጉሙዝ ተወላጅ ካቴኪስት፣ «አባ፣ ጳውሎስ ራሱን ‹የክርስቶስ ባሪያ› የሚልበትን በሕዝቡ ፊት ሳነብ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሌላ ቃል ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በግእዝ «ገብር» የሚለው ቃል ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም እያልን ስም ስናወጣበት ክብር ሆኖልናል። በአማርኛ «ባሪያ» ስንል ግን ቃሉ የገበያውን አቧራ አላራገፈም። አያቱ በሌሊት ለተነጠቀበት ሰው ይህ ቃል ምሳሌ አይደለም፤ ትዝታ ነው። በሮሜ መልእክት መግቢያ ላይ «አገልጋይ» ብሎ ቢያስረዳ የሐዋርያውን አሳብ እንደማያፈርስ ነገርኩት። በፊልሞና ላይ ግን ቃሉን እንዳያለሰልሰው ለመንሁት፤ በዚያ ሥፍራ ቃሉ ማቍሰል አለበት፤ ካላቈሰለ ጳውሎስ ምን እንደ ጠየቀ አይሰማም። ይልቁንም ከማንበቡ በፊት ስለ ራሳቸው አያቶች እንዲናገሩ ሽማግሌዎቹን እንዲጠይቃቸው መከርሁት።

ይህን የመከርሁበት ምክንያት አለኝ። በመልእክቱ ውስጥ ጳውሎስ ይናገራል፤ ፊልሞና ይነገረዋል፤ እኅታችን አፍብያና አርክጳም በስም ይጠራሉ። አናሲሞስ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። ወደ ቈላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት እንደምናነበው ከቲኪቆስ ጋር ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ምናልባት ስለ ራሱ የተጻፈውን ደብዳቤ የተሸከመው እርሱ ራሱ ነው። መመለስ ፈልጎ እንደ ነበረ የጠየቀው መኖሩ አልተጻፈም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌላም ሥፍራ ወደ አሶሳና ወደ ፓዌ በመኪና የተጫኑት ሰፋሪዎች፣ መሬታቸው ለሰፈራው የተወሰደባቸው የአገሩ ተወላጆችም የዚህን ዝምታ ምንነት ያውቁታል። ስለ ሁለቱም ብዙ ወረቀት ተጽፏል፤ እነርሱ ራሳቸው የጻፉት ግን እምብዛም ነው።

ጳውሎስ ይህን ዝምታ በሙሉ አልሰበረውም፤ አንድ ነገር ግን አድርጓል። ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ጻፈው ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል። ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ የበደለው ይክሳል፣ የተበደለው ይቀበላል፤ አስታራቂው መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ግን አስታራቂው ራሱ ባለዕዳ ሆነ። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቆ ነበር። በዚያ ዘመን ቤቱ የተቃጠለበት ደገኛም ሺናሻም አለ፤ ያልሠራውን ደም የተጠየቀ የጉሙዝ ሰውም አለ። ከዚያ ወዲህ የዕርቅ ስብሰባ ስንቀመጥ ሁሉም ሌላው የሚከፍለውን ይቈጥራል። በጉሙዝና በኦሮሞ መካከል የቈየው የሚቹ ወዳጅነት ግን የሌላውን ሰው ጠላት በራስ ላይ እስከ መውሰድ የሚያደርስ ቃል ኪዳን ነው፤ ይህን ሥርዐት ያቈዩልን ሰዎች ብዙዎቹ የፊልሞናን መልእክት ያላነበቡ ናቸው።

መልእክቱ የተጻፈው ለፊልሞና ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላለችው ጉባኤም መሆኑን ካቴኪስቶች ያስተውሉ። በጉባኤ ፊት ሲነበብ ፊልሞና አድምጦ ዝም ማለት አልቻለም፤ ሁሉም ዐይን በእርሱ ላይ ነበርና። በየቁምስናችንም ይህ መልእክት በአንድ ሰው እጅ ሆኖ በልብ ከሚነበብ ይልቅ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አሠሪውም ሠራተኛዪቱም ባሉበት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ቢነበብ ይሻላል። ጳውሎስ በመጨረሻ የማረፊያ ክፍል አዘጋጅልኝ፣ እመጣለሁ ይላል። እንደ ወትሮው ቢሆን እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን የሚጠርገው፣ ውኃ የሚቀዳው አናሲሞስ ነበር። በዚያ ሳምንት ክፍሉን ማን እንደ ጠረገ ጳውሎስ ደጁን ሲያልፍ ያየዋል።