የገጹ ዳር

አንድን የቁርኣን ገጽ ፎቶ ማንሳት ቀላል ሥራ ይመስላል። ገጹ አይንቀሳቀስ፣ ፊቱን አይቀያይር፤ ካሜራው ሥር ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሆኖም ሐረር ከተማ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኝቶ፣ እዚያ የተቀመጡትን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ብርሃኑን ከወዴት ላብራ ብሎ መጨነቁ አይቀርም።

የሙያው ሕግ የታወቀ ነው። ካሜራው ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፤ አለዚያ ማዕዘኑ ይጣመማል። ሁለት መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ ያኔ ብርሃኑ ለገጹ ሁሉ እኩል ይዳረሳል፣ ነጸብራቁም ወደ ሌንሱ አይመለስም። የቀለም መለኪያ ካርድና ማስመሪያ ከጎኑ ይቀመጡ። ጥራዙ እንዳይሰነጠቅ መጽሐፉ ያለ አቅሙ አይከፈት። እንዲህ የተነሳ ፎቶ ጽሑፉን ጥርት አድርጎ ያስነብባል።

አንዱን መብራት አጥፍተን ሌላውን ዝቅ አድርገን ከጎን ስናበራ ያው ገጽ ሌላ ነገር ይነግረናል። ጸሐፊው መስመሩን እንዳይስት ወረቀቱ ላይ የተወው ስርጉድ፣ የወረቀቱ እጥፋት፣ ትውልድ እየተቀባበለ ሲገልጠው የሳሳው ጥግ ብቅ ይላል። እኩል የፈሰሰው ብርሃን ሸፍኖት የነበረው የሰው እጅ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ።

እያንዳንዱ ዘመንም የሚጠይቀው ያከበረውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ያነሳው ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ለተመራማሪዎች አድርሷል። ቃሉን ማትረፉ ትልቅ ውለታ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ግን የገጹ ጌጥ የሆነው ሐረግ ቀይና ቢጫ፣ በሥዕሉ ያሉት ቅዱሳን ካባ ቀለም ከብራናው ጋር እዚያው ቀረ። ቀለሙን ማየት የሚሻ ዛሬም ወደ መጽሐፉ መመለስ አለበት።

ፎቶም ራሱ ያረጃል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ሆኖ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ማጠቢያው ውሃ ጥሩ ስላልነበረ ምስሎቹ መንጣታቸውን ጽፎላቸዋል። ከእርሱ አስቀድሞ በዚችው ከተማ በእጅ የተጻፉ ገጾች ዛሬም ይነበባሉ።

ስለዚህ ፎቶ ከአደራ አያወጣንም። ሩቅ ላለው አንባቢ ይደርስለታል፣ ገጹንም ከእጅ ብዛት ያሳርፈዋል፤ መጽሐፉን ከእርጥበት፣ ከብልና ከቸልተኝነት መጠበቅ ግን የባለአደራው ድርሻ ሆኖ ይቀጥላል። የሸሪፍ ሙዚየም መሥራች አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ መጻሕፍትን ከመሰብሰብ አልፈው የሐረርን የጥረዛ ጥበብ እንደገና ማስነሳታቸውን የማከብረው ለዚህ ነው። የሚያነሳ እጅና የሚጠግን እጅ አብረው መሥራት አለባቸው።

ካሜራ ይዞ የሚመጣውም ሰው ከጽሑፉ ዙሪያ ያለውን ቆርጦ እንዳይጥል እማጸናለሁ። የኅዳጉን ማስታወሻ፣ ያልተጻፈበትን ቅጠል፣ የሽፋኑን ጀርባ ሁሉ ያንሳ፤ በእኩል ብርሃንም፣ በጎን ብርሃንም። ነገ የሚነሳውን ጥያቄ ዛሬ አናውቀውም። ትርጉሙ ያልገባንን ጭምር አንስቶ ማቆየት ገና ላልተወለደ አንባቢ ያለብን ዕዳ ነው።