ምስክርና ጆሮ ጠቢ

ለመሆኑ የጥበብ ሥራ ማማር የሠሪውን በደል ያጥባል? ይህን ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የሆሊውዱ ዳይሬክተር ኤልያ ካዛን ነው።

ካዛን እ.ኤ.አ. በ1909 ኢስታንቡል ውስጥ ከግሪክ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ገባ። ከቲያትር ወደ ፊልም ተሻገረ፤ የማርሎን ብራንዶና የጄምስ ዲን ስም የገነነው በእሱ እጅ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለአጭር ጊዜ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆኖ፣ ከፓርቲው ጋር ተጣልቶ በ1936 ወጥቷል።

በ1952 የተወካዮች ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ መርማሪ ኮሚቴ ጠራው። በጥር ወር የጓደኞቼን ስም አልጠራም አለ። በሚያዝያ ግን ተመልሶ በግሩፕ ቲያትር አብረውት የነበሩ የስምንት ሰዎችን ስም ዘረዘረ። በዚያ ዘመን ስሙ የተጠራ ሰው የሆሊውድ በር ይዘጋበት ነበር። ካዛን ግን ሥራው አልተቋረጠም።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» ወጣ። የፊልሙ ጀግና ቴሪ የወደቡን ወንበዴዎች በመርማሪዎች ፊት ያጋልጣል። የድርሰቱ ጸሐፊ ባድ ሹልበርግም ስም ከጠሩት አንዱ ነበር። ፊልሙ ስምንት ኦስካር ወሰደ። ካዛንም በ1988 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ቴሪ በመመስከሩ ደስ እንዳለው ሲጮህ የሚናገረው እሱ ራሱ እንደነበረ ገልጿል።

እዚህ ላይ ግን ከካዛን ጋር አልስማማም። አማርኛችን «ምስክር» እና «ጆሮ ጠቢ» የሚሉ ሁለት ቃላት ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሪ የመሰከረው በነፍሰ ገዳዮች ላይ ነው፤ የመሰከረውም ጉልበተኛውን ተጋፍጦ ነው። ካዛን የተናገረው ለጉልበተኛው ነው፤ የጠቆማቸውም ሰው አልገደሉም። እርግጥ ነው፣ ፓርቲውን ከልቡ ይጠላ ነበር። ታዲያ ስሞቹን ለመጥራት አሥራ ስድስት ዓመት ምን አስጠበቀው? አንደበቱን የፈታው ዝምታ እንጀራውን የሚያስከፍል በሆነ ጊዜ ነው።

ይሁንና ፊልሙን አልጥለውም። በታክሲው ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ያየ ሰው አይረሳውም። ታላቅየው ለጌቶቹ ሲል የወንድሙን ዕድል ሸጧል፤ እፍረቱም ከፊቱ ይነበባል። እንግዲህ ካዛን ራሱን በቴሪ ውስጥ ሲያይ፣ እኔ የማየው በታላቅየው ውስጥ ነው። ጥበብ አንዳንድ ጊዜ ከባለቤቷ ይልቅ እውነተኛ ናት።

በ1999 ካዛን የክብር ኦስካር ሲቀበል ከታዳሚው ገሚሱ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ገሚሱ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በ2003 ሞተ፤ ክርክሩ ግን አልሞተም። እኔ ለሥራው አጨበጭባለሁ። ይቅርታ መስጠት ግን የተመልካች ሥልጣን አይደለም፤ ይቅርታው የእነዚያ የስምንቱ ነበር።