«አልሐምዱሊላህ» ብዬ የደበቅኩት ቁጥር



የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ በ26ኛው ሳምንት የእርግዝና ስኳር ተገኘብኝ። እዚህ አሜሪካ እንደተለመደው በመጀመሪያ 50 ግራም ግሉኮስ ያለበት መጠጥ ሰጡኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተወሰደው ደም ከፍ ያለ ውጤት አሳየ። በሌላ ቀን በባዶ ሆዴ 100 ግራሙን ጠጥቼ አራት ጊዜ ደም ሰጠሁ። ነርሷ ደውላ ውጤቱን ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ያ ሁሉ ሳምቡሳ!» የሚል ነበር።

ነገሩ ግን የሳምቡሳ ብቻ አልነበረም። እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የብዙ ሴቶች ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ይቋቋመዋል፤ የአንዳንዶቻችን አይችልም። ክብደትና ዘር ድርሻ አላቸው፤ ቀጫጭኖችንም ግን ይይዛል።

ወሬው እንደተሰማ ሁሉም ያጽናናኝ ጀመር። ጓደኞቼ «ፖዘቲቭ ሁኚ» አሉኝ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ በይ ልጄ፣ ስንት የባሰ አለ» አለችኝ። እኔም አልኩ። «እንዴት ነሽ?» ላለኝ ሁሉ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ቀስ በቀስ ቃሉ ቀጣዩ ጥያቄ እንዳይመጣ በር መዝጊያ ሆነልኝ።

በቀን አራት ጊዜ ጣቴን ወግቼ እለካለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ140 በታች መሆን አለበት። ምግቡን ቻልኩት። እንጀራውን ቀንሼ ጎመኑንና ምስሩን አበዛሁ። እናቴ «ጤፍ እኮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ብላ ተከራክራኛለች፤ ጤፍም ሆድ ገብቶ ስኳር እንደሚሆን ማስረዳት ከጾሙ ሳይከብድ አይቀርም። ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩ። ያቃተኝ የጠዋቱ ቁጥር ነው። ማታ ብጠነቀቅም እንኳ፣ ተኝቼ ሳለሁ ጉበቴ ስኳር ይለቃል። አንድ ቀን ከፈጅር ሶላት በኋላ ስለካ 108 አለኝ። ደብተሩ ላይ 93 ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም እንዲሁ።

ኢንሱሊን መወጋቱን ፈርቼ ነው ልላችሁ እችላለሁ። እውነቱ ግን ጥሩ ታጋሽ፣ ጥሩ አመስጋኝ መምሰል ፈልጌ ነው። መለኪያው ቁጥሮቹን እንደሚያስታውስ እንኳ አላሰብኩም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ መሣሪያውን ከደብተሬ ጎን አስቀምጣ አየች፤ አልተቆጣችም። «ምንድን ነው የፈራሽው?» አለችኝ። ከ26ኛው ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

እውነትን የሚደብቅ ምስጋና ምስጋና ነው? ሶብር ማለት ፊትን ማሳመር ይመስለኝ ነበር። ነብዩላህ ያዕቁብን (ዐ.ሰ) አስታውሱ። ስለ መልካም ሶብር የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ያለቀሱትም እሳቸው ናቸው። ሐዘናቸውን አልካዱም፤ ወደ አላህ ወሰዱት። በአላህ ላይ በጎ ግምት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ መለኪያው ላይ የታየውን እንዳላየ መሆን ሌላ። 108ም እኮ ከቀደር ውጭ አልነበረም። እኔ ግን 93 ቢሆን ይሻላል ብዬ በእስክሪብቶ ላርመው ሞከርኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ውሸቱ ያረፈው በኔ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። ሕፃኑም በትንሿ ቆሽቱ ብዙ ኢንሱሊን እያመረተ ይቋቋመዋል፤ ያለ ልክ ሊገዝፍ፣ ሲወለድም ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። አማናዬ ገና መናገር የማይችል ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ የሱን ሒሳብ አጭበረበርኩ።

እናቴን አልወቅስም። ደሴ ላይ አምስት ልጅ ስትወልድ ስኳሯን የለካላት የለም። በሷ አፍ አልሐምዱሊላህ ከለቅሶ በኋላ የሚመጣ ቃል ነው። ለቅሶውን የዘለልኩት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ ኢንሱሊን መውጋት ጀመርኩ። ጠዋት ላይ ለእናቴ ደውዬ ቁጥሩን እንዳለ እነግራታለሁ። አንድ ቀን «ዛሬ 101 ነው እማ፣ ፈርቻለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ቀጥላም «ለነርሷ ነገርሻት?»

ልጄ በሰላም ተወለደች። ተረከዟን ወግተው ሲለኳት ስኳሯ ደህና ነበር። እኔ ግን አልጨረስኩም፤ በእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ኋላ ላይ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ባለው ሳምንት 75 ግራሙን ጠጥታ መመርመር አለባት፤ ከዚያም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ። የኔ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ነው።

ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ባለፈው ሳምንት መለኪያዬን ሳጸዳ አየችኝና ጣቷን ዘረጋች። «እስቲ እኔንም» አለች። አዲስ መርፌ አውጥቼ ለካኋት። ስንት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ለሐኪሟ ግን ነግራለች።