«መምህሯ እስክትመለስ» ማለት ይብቃን!

ሰሞኑን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በአስኮ ብርጭቆ ፋብሪካ በኩል ሳልፍ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት አስፋልት ዳር ኳስ ይጠልዛሉ። ሲኖትራክ በሚከንፍበት፣ ታክሲው «ዊንጌት! መርካቶ!» እያለ በሚሻማበት መንገድ! ጠራኋቸው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ብላቸው አንደኛው «ቲቸር ወልዳለች ጋሼ፤ በጊዜ ለቀቁን» አለኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። የሒሳብ ደብተር ነው። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 9 ይላል። ሦስት የማባዛት ጥያቄዎች ተሠርተዋል፤ ሁለቱ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎባቸዋል። ሦስተኛው፣ 7 ሲባዛ በ8፣ 54 ተብሎ ሳይታረም ቀርቷል። ቀጣዩ ገጽ ላይ ቁጥር 10 ማልያ የለበሰ ተጫዋች ተሥሏል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ይህን ያየሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

በመምህሯ ላይ አፌን አልከፍትም። ልጅ መውለድ በረከት ነው፤ እግዚአብሔር ያሳድግላት። ሕጉም ከጎኗ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣታል። ይገባታል። ያንሳታል የሚል ቢመጣም አብሬው እቆማለሁ። ትምህርት ቤቱ ግን ይወቀሳል። ወሊድ ድንገት አይመጣም፤ ሆዷ እየገፋ ሲሄድ ለወራት እያዩ ምትክ ሳይፈልጉ ልጆቹን መንገድ ላይ መበተን ምን ይባላል?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የወላጅ ነገር ነው። የልጁ እናት ሱቅ ቅርብ ስለነበር ሄጄ ጠየቅኋት። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ መምህሯ እስክትመለስ ነው እንጂ!» አለችኝ፣ ዘይት እየቀዳች። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ይህንኑ ብቻ የሚሰማ ይመስል በሄድኩበት ሁሉ እሰማዋለሁ። ቡና ላይ «እስክትመለስ»፣ ታክሲ ውስጥ «እስክትመለስ»፣ ከአስኮ ገብርኤል ከቅዳሴ ስንወጣ እንኳ «እስክትመለስ»! እስክትመለስ ልጁ ምን ይሁን? ትምህርት እንደ ሊጥ ከድነው የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም፤ ሊጡም ቢሆን ከቀኑ ካለፈ ይኮመጥጣል።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። 120 ቀን ማለት አራት ወር ነው። የትምህርት ዓመቱ ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። ከዚህ ላይ አራት ወር ሲወጣ አንድ ሴሚስተር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ያውም በሦስተኛ ክፍል! ልጅ ማባዛትን በቃሉ የሚይዝበት፣ ፊደል መቁጠሩን ትቶ ያነበበውን መረዳት የሚጀምርበት ዕድሜ! የዓለም ባንክ ስለ ሀገራችን ሲናገር፣ አሥር ዓመት ከሞላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ አጭር ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም ይላል። ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ወላጅ እንዴት ያለ ወላጅ ነው?

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲነገር ከተማው ተንጫጫ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም ማን ደስ ብሎት? ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ትምህርት ሚኒስቴርን ረገመ፣ ፈተናውን ረገመ፣ ሚኒስትሩን ብርሃኑ ነጋን ረገመ። ያ ውጤት ግን ፈተና አዳራሽ ውስጥ አልተወለደም። ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ አራተኛ ክፍል ላይ፣ «መምህሯ እስክትመለስ» በተባለባቸው ቤቶች ውስጥ ነው የተወለደው። ይህን መስማት የማይወድ ብዙ ነው። ይስማ!

ደግሞ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ አይተናል። እስከ 2013 ጥቅምትና ኅዳር ድረስ በሩ አልተከፈተም፤ ልጆቹም በደፈናው ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዘዋወሩ። ያን ጊዜ ቤቱን ትምህርት ቤት ያደረገ ወላጅም ነበር፣ ልጁን ለቴሌቪዥን ያስረከበም ነበር። ትምህርት ሲከፈት የሁለቱ ልጆች ልዩነት በዓይን የሚታይ ነበር። ያን ያህል ዋጋ ከፍለን የተማርነው ነገር የት ገባ? ዛሬ አንዲት መምህርት ስትወልድ እንደ አዲስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን?

«እኔ መምህር አይደለሁም» የሚል መልስ ይመጣል፤ አውቀዋለሁ። ይህን የሚሉት የማን ልጆች ናቸው? በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር የወረደባት ሀገር ልጆች። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በቀበሌ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጢሙ ያልበቀለ ተማሪ ሽበታም አባወራን ፊደል ያስቆጠረባት ሀገር ልጆች። በ15 ቋንቋዎች ነበር ያስተማሩት፤ ዓለምም በዩኔስኮ በኩል ሸልሞናል። የዚያን ዘመን መንግሥት በደል ማንም አይክደውም፤ እኔም አልክደውም። ሕዝቡ ግን ተማረ፣ አስተማረ። እነዚያ ወጣቶች የመምህርነት ዲፕሎማ ነበራቸው? አልነበራቸውም። የሚያውቁትን ለማያውቀው ሰጡ፣ በቃ። ዛሬ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ አባት፣ ዲግሪ ያላት እናት የሦስተኛ ክፍል ማባዛት «አልችልም» ሲሉ አያፍሩም?

ከዚያም በፊት ቢሆን የአባቶቻችን ሥርዓት ይህንኑ ነው የሚያስተምረን። በቆሎ ተማሪ ቤት የኔታ ተዝካር ቢሄዱ፣ ማኅሌት ቢያድሩ፣ ቢታመሙም ትምህርቱ አይቆምም፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስጠናሉ። በቅኔ ቤትማ አስነጋሪ የሚባል አለ፤ ከመምህሩ በታች ሆኖ ተማሪዎቹን የሚይዝ። ቁርአን ቤትም እንዲሁ ነው፤ የቀደመው ልጅ ሎሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ የኋለኛውን ያስነብባል። የአንድ ሰው መቅረት ጉባኤውን አይበትነውም ነበር። እኛ ግን ስልክና መብራት፣ የታተመ መጽሐፍ እያለን በአንዲት መምህርት መቅረት ተበተንን።

ምን እናድርግ የሚል ቅን ሰው ካለ ይስማኝ። የሦስተኛ ክፍል ሌላው ሴክሽን መምህር አለው፤ ልጆቹም ጎረቤት ናቸው። ማታ የጎረቤትን ልጅ ደብተር ተዋሱና ልጃችሁ ይገልብጥ፤ ገልብጦ ሲጨርስ ጥያቄዎቹን ደብተሩ ተዘግቶ እንደገና ይሥራቸው። መጽሐፍ የለም አትበሉኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ እስኪደርስ በቴሌግራም ሶፍት ኮፒው ሲዞር ነበር፤ ዛሬም በሰው ስልክ ውስጥ ሞልቷል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ አንድ ምዕራፍ ማሳተም የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ቢሆን ነው።

አንቺ ማንበብ የማትችዪ እናት፣ አንቺን አልወቅስም፤ አንቺም ግን ነጻ አይደለሽም። ወጥ እየሠራሽ ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ሲንተባተብ ጆሮሽ ይሰማል፤ «ድገመው» በይው። ያነበበውን በቃሉ ያውራሽ። ማውራት ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው፤ እንደገና ያንብበው። ገበያ ስትወጪ ይዘሽው ሂጂ፤ የሦስት ኪሎ ሽንኩርቱን ሒሳብ እሱ ይሥራው፣ መልሱን እሱ ይቁጠር። የተማራችሁት ደግሞ ቃል ጽሕፈት አስጽፏቸው፤ አምስት ዓረፍተ ነገር፣ በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት አስጨንቆ ሳምንቱን መርሳት ልጁን ትምህርት ያስጠላዋል እንጂ አይጠቅመውም። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱ የሰፈር ልጆች አሉ፤ ሰብስቧቸው፣ ትንንሾቹን ያስጠኑ፣ ለእነሱም ክብር ነው። ለአስጠኚ የሚከፍል አቅም ያለው ይክፈል፤ ሲከፍል ግን የጎረቤቱን የደኻ ልጅ አብሮ ያስገባ።

አባቶች ሆይ፣ «ሥራ ውዬ ደክሞኛል» የሚለውን ምክንያት እኔ አልቀበልም። ለፕሪሚየር ሊግ ዘጠና ደቂቃ የማይደክም ዓይን ለልጁ ደብተር ሃያ ደቂቃ ይደክመዋል? የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው በቃሉ የሚወርድ ሰው ልጁ ስንተኛ ምዕራፍ ላይ እንዳለ አያውቅም! ልጅ የእግዚአብሔር አደራ ነው። አደራ የሰጠን ሲጠይቀን «መምህሯ ወልዳ ነበር» ብለን ልንመልስ ነው?

ከእኛ የባሰበትን እንኳ አናይም። በትግራይ መጀመሪያ ኮሮናው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ ልጆችን ለሦስት ዓመት ገደማ ከክፍል አስወጥቷቸዋል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ወዲህ እዚያው በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሚሊዮኖች ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸዋል። በዚህ በአስኮ ከጎጃምና ከወሎ ዘመድ ያልመጣበት ቤት ጥቂት ነው፤ ጠይቋቸው። ከክፍል ጓደኛው ኋላ መቅረቱን እያወቀ ዝም ብሎ የሚውል ልጅ ዓይን ምን እንደሚመስል ይነግሯችኋል። የእነዚያ ወላጆች እጅ በጥይት ታስሯል። የእኛን እጅ ማን አሰረው? ሰላም አለን፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሌላው ሴክሽን ይማራል። ይህን ጸጋ ይዞ መቀመጥ ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ለድግስ ሲሆን ግን ማን ይችለናል! ይኸው ሰኔ ሲመጣ ታያላችሁ። የአምስት ዓመት ሕፃን ኬጂ ጨረሰ ተብሎ ጋውን ይከራይለታል፣ ቆብ ይደፋለታል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ቪዲዮ ቀራጭ ይጠራል። ስሙን አስተካክሎ የማይጽፍ ልጅ ይመረቃል! ወላጅ ተበድሮ ይደግሳል፤ ያልደገሰው በልጁ ፊት ያፍራል። የግል ትምህርት ቤቶቹም ይህን የክብር ጉዳይ አስመስለው ገንዘብ ይሰበስቡበታል። ኧረ በስመ አብ! በዚያ የጋውንና የአዳራሽ ገንዘብ ለአንድ ክፍል ሙሉ ልጆች አስጠኚ ይቀጠርበታል። ለምትክ መምህር የሚከፈል በጀት የለንም ያለ ትምህርት ቤት ለምርቃት መድረክ ማሠሪያ ሲያገኝ ማንም አይጠይቅም። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ «እንኳን ደስ አለሽ» ይዘንባል። በሦስተኛ ክፍል ልጁ መንገድ ላይ ሲውል ግን የሚጠይቅ የለም። የትምህርትን ልብሱን ወደድን፣ ሥራውን ጠላን!

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሥራ ይኑር። ስብሰባ ሲጠራ ስለ ክፍያ ጭማሪ ብቻ ተጯጩሃችሁ አትበተኑ። የትኛዋ መምህርት ፈቃድ ልትወጣ ነው፣ ምትኳ ማን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ይገባል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምትክ እስኪገኝ የክፍሉ ልጆች ከሌላው ሴክሽን ጋር ይቀላቀሉ፤ ወንበር ቢጣበብ ይጣበብ፣ ልጅ መንገድ ላይ ከሚውል። ርዕሰ መምህሩ እሺ ካላለ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሩ ክፍት ነው፤ አንድ ሰው ሳይሆን አሥር ሆናችሁ ግቡ። እናቶችን ብቻ እየላካችሁ ቤት የምትቀሩ አባቶችም በዚያ ቀን ሥራ አስፈቅዳችሁ ኑ።