ሰልፉ ረጅም ነበር

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰኞ ዋለ። ሰኔ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ እጅ የሚያጥርበት ወር ነው፤ በቆሎው ይኮተኮታል፣ የጤፉ ማሳ ይደጋገማል፣ የቡሬ ሰው የበርበሬ ችግኙን ከመደብ ወደ ማሳ ሊያወጣ ዝናቡን ያያል። በዚያ ቀን ግን ምርጫ ነበር። በአገሪቱ ካርድ የወሰደው ሕዝብ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ የድምፅ መስጫው ሰዓት ወደ ምሽት ተገፋ። ውጤቱ ሲነገር ብልጽግና ፓርቲ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወስዷል።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን፣ እሑድ፣ የምዕራብ ጎጃሟ ፍኖተ ሰላም ከሰማይ ተመታች፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ሰኞ ያ ረጅም ሰልፍ የመረጠው ምክር ቤት ተሰብስቦ አዋጁን አጸደቀ።

መራጭ በመረጠው ሰው ሥራ ይጠየቃል ወይ?

ጥያቄው ለፖለቲካ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ለነፍስ አባትም ይቀርባል። አማርኛ መምረጥን «ድምፅ መስጠት» ይለዋል። ድምፅ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ በጎጃም ቀላል ዕቃ አይደለም፤ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባልበት አገር ነው። ሰው ያላመነበትን ስም ኮሮጆ ውስጥ ሲጥል በሐሰት መመስከርን ከሚከለክለው ትእዛዝ ጋር ይጋጫል። አምኖ ሰጥቶ ከሆነና ተመራጩ ከከዳውስ? ገንዘብ ያበደረ ሰው ተበዳሪው በገዛው ጦር አብሮ ይከሰሳል?

በሌላው ዓለም ሕዝብ በፖለቲከኛ ተስፋ ሲቆርጥ የምርጫ ጣቢያው ጭር ይላል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1922 ከመራጮቿ 60 በመቶው እንኳ ስላልወጣላት በ1924 ድምፅ መስጠትን ግዴታ አደረገች፤ በ1925ቱ ምርጫ የወጣው ከ90 በመቶ በለጠ። በኢትዮጵያ ግን የድምፅ ሰጪው ቁጥር ሁልጊዜ የሕዝቡን ልብ አያሳይም። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ አምኖ ወጣ፤ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። ከዚያ የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ አባል በሚሊዮኖች ተመለመለ፤ ብዙ ቤተሰብም በ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ተጠረነፈ። ማዳበሪያውንም ምርጥ ዘሩንም በቀበሌ በኩል የሚያገኝ ገበሬ ከሰልፍ ቢቀር ማን እንደቀረ ወዲያው ይታወቃል። በ2002 ከ90 በመቶ በላይ መራጭ ወጣ ተባለ፤ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ። በግንቦት 2007 ሁለቱም ቀሪዎች ተጨመሩ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008፣ ባሕር ዳር በተቃውሞ ሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ብዙዎችም በጥይት ወደቁ። ያ ሁሉ ቁጣ በአንድ ክረምት የበቀለ አልነበረም፤ በግንቦቱ ሰልፍ ውስጥም አፉን ዘግቶ ቆሞ ነበር።

ገበሬው ስለ ሥልጣን ያለው ትዝታ ከዚያም ይርቃል። በአማራ ክልል በተካሄደው የ1989 የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» የተባለ አባወራ 1 ሄክታር ብቻ ሲተውለት ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። መሬቱን የለካው ኮሚቴ ከዚያው ቀበሌ የተውጣጣ ነው። ገመዱን የያዘው ጎረቤት፣ ምናልባትም የክርስትና አባት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሥልጣንን ከሩቅ ማየት ቢመርጥ ፈሪ ሊባል አይገባውም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም የሚናገረው ምሳሌ እዚህ ላይ ይመጣል። ዛፎች ንጉሥ ፈልገው ወይራን፣ በለስን፣ ወይንን ለመኑ፤ ሁሉም ዘይቴን፣ ፍሬዬን፣ ወይኔን ትቼ አልነግሥም አሉ። እሾህ ግን እሺ አለ። ምሳሌው ደጋግ ሰዎች ከሹመት ሲሸሹ ለተግሣጽ ይጠቀሳል፤ ተግሣጹም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወይራዋን የቆረጣት ሰው ካለ ነገሩ ይለወጣል። ከአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመርጠው ፓርላማ የገቡት ክርስቲያን ታደለ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣበት ሰሞን ታሰሩ። ይህን ያየ የጎጃም ወጣት «ለምን አትወዳደርም?» ቢባል የሚመልሰው አያጣም።

እንግዲህ ቤቱ የቀረው ሰው ኅሊናውን ጠብቆ ይሆናል፤ በግፍ የተሰለፈው ሰው ሐሰትም በመጀመሪያ ባሰለፈው ላይ ይቆጠራል። ዝምታው ግን ዕዳ አለበት። መናኝ ዓለምን ትቶ ሲወጣ ስለ ዓለም መጸለዩን አይተውም፤ ተስፋ የቆረጠ መራጭ ግን «የራሳቸው ጉዳይ» ብሎ በሩን ከዘጋ፣ በእሱ ላይ የሚወሰነውን ሳይሰማ ያድራል። አልመርጥም ያለ ሰው ለምን እንዳልመረጠ ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ መናገር የሚያሳስር ከሆነ ደግሞ ካርድ ውሰድ ብሎ የሚቀሰቅሰው ባለሥልጣን አስቀድሞ ይህን ፍርሃት ያንሣለት።

ምርጫ ራሱ ለዚህ ሕዝብ ባዕድ አይደለም። ዕድሩ ዳኛ አለው፤ ሰንበቴውና ማኅበሩ ሙሴ አለው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ይዞ በአባላቱ ፊት ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ቁልፉን ያስረክባል፣ ሌላ ሰው ይተካል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12ም ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይላል። የቡሬ ሰው የዕድሩን ዳኛ ቤት ያውቀዋል፤ ቅር ያለው ቀን በሩን አንኳኩቶ ይጠይቀዋል። የፓርላማ ተወካዩን በር ለማንኳኳት ግን አባይን መሻገር አለበት።