ጥቂት መሆን ዋጋ ነው?

እህቶቼ፣ ዲዋኒያ የምታጸዱ ታውቁታላችሁ፤ ከሶፋውና ከምንጣፉ ይልቅ ልብ የሚያወልቀው በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የተደረደረው ጌጣጌጥ ነው። እኔ በምሠራበት ሰልዋ ያለ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ መሃል ከክንድ የምታንስ ቀይ መኪና ቆማለች። ጣሪያ የላትም። አንድ ቀን ስወለውላት የቤቱ ትንሹ ልጅ፣ «ቀስ በይ! እውነተኛዋ እኮ በዓለም ላይ መቶ ምናምን ብቻ ናት» አለኝ። «ይቺ ታዲያ አሻንጉሊት አይደለች?» ስለው ሳቀ። ስሟን ግን ነገረኝ።

ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ትባላለች። በፈረንጆች ከ1957 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1963 ገደማ የተሠሩት 106 ያህል ናቸው። ትሠራ ያሉት አሜሪካ ያሉ የፌራሪ ነጋዴዎች ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ፀሐይ አለ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይሸጣል ብለው። መልኳ የፒኒንፋሪና ነው። አካሏን የቀጠቀጡት ደግሞ ሞዴና ከተማ፣ በሰርጂዮ ስካሊዬቲ ወርክሾፕ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ስካሊዬቲ አባቱ ሞቶበት በልጅነቱ ሥራ የገባ ሰው ነው። ከወረቀት ይልቅ ዓይኑን እያመነ ላሜራ በመዶሻ ይመታ ነበር። (እኛም መኪና፣ ጎማ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን የምንለው ከጣሊያን ወስደን ነው። የአዲስ አበባ ባትላሜራ ሠራተኛ እሱን ቢያገኘው ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር።)

ታምራለች፣ አልዋሽም። አፍንጫዋ ረጅም፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ከፊት ጎማዋ ኋላ እንደ ዓሣ ስንጥቅ ያለ መተንፈሻ አላት። ከበሩ አልፋ የኋላ ጎማዋ ላይ ስትደርስ እንደ ዳሌ ከፍ ትላለች። በጨርቅ ስትሄዱባት እጃችሁ የትም አይደናቀፍም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ቀስ በይ» ያለኝ ስለምታምር አይደለም፤ ጥቂት ስለሆነች ነው። እኛ ደግሞ በዚህ አገር የምንሰማው የዚያን ግልባጭ ነው፦ «ሌላ ትመጣለች፤ እናንተ ብዙ ናችሁ።» መክተቡ ለስድስት ወር ዋስትና ይሰጥብናል። ለፍሪጅም ዋስትና አለው። ታዲያ እውነት የአንድ ነገር ክብር የሚመጣው ከቁጥሩ ነው?

መኪናዋን ልጠይቃት። የመጀመሪያዋ ከወርክሾፕ ስትወጣ 106 ላይ እንደሚቆም ማንም አያውቅም ነበር። ያው ዳሌ፣ ያው አፍንጫ ነበራት። ጥቂት የሆነችው ዋጋዋ ውድ ሆኖ ገዢዋ ጥቂት ስለነበረ ነው። ውበቷ ቀድሞ፣ ቁጥሯ ኋላ ነው የመጣው።

ሌላም አለ። ከነዚሁ አንዷ፣ አንድ ጊዜ የፊልም ተዋናዩ የአላን ደሎን የነበረች፣ ምዕራብ ፈረንሳይ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተረስታ ኖረች። ሮዤ ባዮን የሚባል የትራንስፖርት ነጋዴ የመኪና ሙዚየም ሊከፍት ሰብስቦ፣ ንግዱ ሲወድቅበት የቀረች ናት። ስትገኝ የመጽሔትና የጋዜጣ ክምር ተጭኗታል። (የኛም መጽሔት እንዲህ ያለ ዕድል ይግጠመው!) በ2015 ፓሪስ ላይ ለጨረታ ስትቀርብ አቧራዋን እንኳ አላራገፉላትም፤ ከነአቧራዋ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠች። ጦዝ በመጣ ቁጥር በር በመስኮቱ እየዞርን የምንወለውል ሴቶች ይህን ስንሰማ ብንስቅ አይፈረድብንም። ቁምነገሩ ግን ሌላ ነው፦ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማንም ዋጋ ሳይጠራላት የኖረችው መኪና፣ ፓሪስ ላይ ሰው ሁሉ ያጨበጨበላት ራሷ ናት።

አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ተቆጣች። «አንቺ ደግሞ! ውበት ልጅ አያስተምርም። ቲማቲም ሲበዛ ይረክሳል፣ እኛም ስንበዛ ረከስን። ሒሳብ ነው» አለችኝ። ንግግሯን ንቄ አላልፈውም፤ ቤተሰብ የሚበላው በደሞዝ ነው። ግን ሒሳቡ ራሱ ልክ አይደለም። ፊሊፒኖች ኩዌት ውስጥ ከኛ በጣም ይበዛሉ። እንደ ቲማቲሙ ቢሆን ከኛ ማነስ ነበረባቸው። መንግሥታቸው ግን ከ400 ዶላር በታች አይቀጠሩም ብሎ ለዓመታት ቆመላቸው፤ ያ ወደ 120 ዲናር ነው። ኩዌት በ2016 ለሁሉም የቤት ሠራተኛ ያወጣችው ዝቅተኛ ደሞዝ 60 ዲናር ነው። ልዩነቱ የቁጥር ሳይሆን ከኋላ የቆመልሽ ማን ነው የሚለው ነው። «ብዙ ናችሁ» የሚለን ሰው የሚነግረን ስለኛ ሳይሆን ብቻችንን መሆናችንን ነው።

«ምትክ የላትም» የምትባለዋ መኪናም ምትክ አላት። በ1986 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ይህችው ካሊፎርኒያ ትታያለች። እውነተኛዋ ውድ ስለሆነች በአብዛኛው ከፋይበር ግላስ አስመስለው የተሠራችውን ነው የቀረጹት፤ አብዛኛው ተመልካች እስከ ዛሬ አያውቅም። መኪና እንዲህ ይተካል።

ሰውስ? ጃብሪያ ትሠራ የነበረች አብሮ አደጌ፣ የማዳሟን እናት ሁለት ዓመት ጠበቀች። አሮጊቷ ኪኒን አይውጡም። እሷ ግን አድቅቃ እርጎ ውስጥ ትጨምርና የልጅነታቸውን ሰፈር እየጠየቀቻቸው ታጎርሳቸው ነበር። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ ለማንም አልነገረችም። የዕረፍት ቀኗን ስትጠይቅ ተጣሉና መልሰው መክተብ ወሰዷት። በሳምንቱ ሌላ ልጅ መጣች፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ በኋላ ተዋውቀናል። እንደነገረችኝ አሮጊቷ ኪኒኑን ይተፉታል፣ እሷንም እስከ አሁን የሚጠሯት በአብሮ አደጌ ስም ነው።