ዘይቱ ጓዳ ገብቶ ስለ ዋጋ ስንከራከር



ሐምሌ 22/2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እዚህ መካነ ሰላም ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቀው ሁሉ ስለ ዶላር ተከራካሪ ሆነ። ክርክሩ እስከዛሬ አልበረደም። ግማሹ «ነጋዴው ነው ያስወደደው፣ መንግሥት ዋጋ ይተምንበት» ይላል። ግማሹ «ነጋዴው ምን ያድርግ?» ይላል። ሁለቱም ሐዲሥ ይጠቅሳሉ፤ የሚመቻቸውን ግማሽ።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ዋጋ ናረ። ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቋቸው። እሳቸው ግን ዋጋ በአላህ እጅ መሆኑን ነገሯቸው፤ በማንም ደም ወይም ገንዘብ ሳይጠየቁ ጌታቸውን መገናኘት እንደሚሹም ገለጹ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአነስ ይዘው ዘግበውታል። ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ይወዱታል። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ ኢሕቲካር የሚፈጽም ሰው ወንጀለኛ መሆኑ ተነግሯል። ይህኛውን ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ኢብኑ ተይሚያ ሁለቱን አስታርቀዋቸዋል፦ ዋጋው የጨመረው ዕቃ አንሶ ወይም ገዢ በዝቶ ከሆነ ነጋዴውን ማስገደድ ዙልም ነው፤ ሰው የግድ የሚፈልገውን ዕቃ ይዘው ካስጨነቁት ግን በተገቢው ዋጋ እንዲሸጡ ይገደዳሉ።

ክርክሩ ዋጋ ላይ ብቻ ሲቆም ደግሞ የሚረሳ ሰው አለ። በ1965 ወሎ ሲራብ፣ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው።

ያን የሐምሌ ሰሞን አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አባቱ ባለሱቅ ናቸው። በሰኔ ዋጋ የገዙት ዘይት ነበራቸው፤ ወሬው በተሰማ ማግስት ጄሪካኑን ሁሉ ጓዳ አስገብተው «አልቋል» ማለት ጀመሩ። ልጁ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ነጋዴ ሲሳደብ የሚያመሽ ነው። «ኡስታዝ፣ ቤታችን የሚበላው ሐራም ነው ወይ? ስማቸውን ሳልጠራ ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል?»

ወንድሜ፣ በድሮ ዋጋ የተገዛን ዕቃ በዛሬ ዋጋ መሸጥ በራሱ ሐራም አይደለም። አባትህ ነገ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚያስመጡት ዘይት በአዲሱ ዋጋ ነው፤ በድሮው ሸጠው ሱቁን መልሰው መሙላት አይችሉም። ሸሪዓም ለትርፍ ይህን ያህል ብሎ ድንበር አላበጀም። ዑርወት አል-ባሪቂ በአንድ ዲናር ሁለት በግ ገዝቶ፣ አንዱን በዲናር ሸጦ፣ በጉንም ዲናሩንም ይዞ ሲመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት።

ችግሩ «አልቋል» የምትለዋ ቃል ናት። ዘይቱ ጓዳ ተቀምጦ አልቋል ማለት ውሸት ነው፤ ሰው እየተቸገረ ዋጋ እስኪንር ይዞ መጠበቅ ደግሞ ኢሕቲካር ነው። (አንዳንድ ዑለማኦች ኢሕቲካርን በምግብ ብቻ ይወስኑታል። ዘይትም ይበላል።)

ፌስቡክ ላይ አትጻፈው። ስም ባትጠራም ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ዝምም አትበል። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጣዖት ለሚያመልኩት አባታቸው እንኳ ሲናገሩ፣ በሱረቱ መርየም እንደምናነበው፣ በየንግግራቸው መጀመሪያ በአባትነታቸው እየጠሩ ነበር። ያንተ አባት ሙስሊም ናቸው፤ የደበቁትም ዘይት ነው። ከዒሻእ በኋላ ታናናሾችህ ሲተኙ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ንገራቸው። ጄሪካኑን ያውጡት፣ በዛሬ ዋጋ ይሽጡት። ጄሪካን መግዛት ለማይችለው በስኒ ይስፈሩለት፣ ስኒውም ይሙላ። «አልቋል» ብለው የመለሱትን ጎረቤት ካወቁት ደግሞ አንተን ልከው ያስጠሩት።

ጁምዓ ሙባረክ።